የአራሷ እንቅልፍ

በእኛ ዘመን ቁማር የምንጫወተው በእንቅልፍ ነው። አሸናፊው የተሸናፊውን እንቅልፍ ወስዶ ለፈለገው ይሰጣል። እኔ የወጡትን ካርታዎች በልቤ ስለምቆጥር፣ ከጠረጴዛው መቼ መነሳት እንዳለብኝ አውቃለሁ።

ትናንት አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት፣ «ወንድሜ፣ ያለኝን ሁሉ ልትበላኝ ነው፤ በቃህ፣ ተነስ። አራስ ነኝ፤ እንቅልፍ ካጣሁ ልጄ ኤልዳና ከእጄ እንዳትወድቅ ፈራሁ» አለችኝ።

ትልልቆቹ ካርታዎች ግን ገና አልወጡም ነበር። ቀና ብዬ ሳላያት ቀጠልኩ።

ለወራት እንቅልፍ ያጣችው ባለቤቴ ስንዱ፣ ያሸነፍኩትን እንቅልፍ ሰጥቻት፣ ዛሬ ረፋዱ ላይ ፊቷ በርቶ ነቃች።

«እንዴት ያለ እንቅልፍ መሰለህ!» አለችኝ ሻይ ሳቀብላት። «በህልሜ ሕፃን ታቅፌ እሹሩሩ ስል አደርኩ።»

ብርጭቆውን ሳትቀበለኝ ባዶ ክንዶቿን አየች።

«ኤልዳናን የት አስተኝተሃት ነው?»