የማይስበው ቤት

እማማ ዘርፌ የኔትወርክ ሠራተኛውን ደጅ ጠንተው ነው ቤታቸው ያመጡት። ልጃቸው ደመላሽ በመተማ በኩል ከአገር ከወጣ ወዲህ ድምፁ ተሰምቶ አያውቅም።

«እሱማ ይደውላል፤ ቤቴ ነው ኔትወርክ የማይስበው» አሉት፣ ስልካቸውን ከጉያቸው አውጥተው።

ሠራተኛው የእጅ መለኪያውን ከፍቶ ምሰሶው ሥር ቆመ። ሲግናሉ ሙሉ ነው። ጓዳ ገባ፤ ሙሉ ነው። አልጋው ሥር አጎነበሰ፣ ከበሩ ኋላ ተለጠፈ፣ ቆርቆሮው ጥግ ተወሸቀ። ምናለ አንድ ደካማ ቦታ እንኳ ባገኝ እያለ ተቅበዘበዘ። እማማ ዘርፌ ነጠላቸውን እየጎተቱ እግር በእግር ይከተሉታል።

«እህ፣ አለ?»

መለኪያውን ወደ ደረቱ አዞረው። «የለም እማማ። ቤትዎ ጭራሽ አይስብም።»

«አላልኩህም ልጄ! አላልኩህም!» ብለው ጉልበቱን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ፣ በእጃቸው የያዙት ስልክ ጮኸ።

ሁለቱም ክው አሉ። እማማ ዘርፌ ፈጥነው አነሱት።

«እትዬ ዘርፌ፣ ሰውየው መጣልዎ ወይ?» የጎረቤታቸው የብዙነሽ ድምፅ ከጆሯቸው አልፎ ለሠራተኛውም ጥርት ብሎ ተሰማው።

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩት። እሱ አቀረቀረ።

«ሃሎ? ሃሎ?» አሉ ጮክ ብለው። «አይሰማም ብዙዬ፣ ምንም አይሰማም። ኔትወርክ የለም።»