የአምስተኛው ወር ፎቶ

«እጅህን ሰብስብ፣ ይሄ የሰው ግድግዳ አይደለም!» አለችና ሚስቱ ወደቀለጠው ሰም የተዘረጋውን ጣቱን በማንኪያ ቸብ አደረገችው።

ሃያ ዓመት ሙሉ ቤት ሲቀባ የኖረ ሰው ስለ ብሩሽ ከሚስቱ ትምህርት ሲቀበል ምን ይላል? «እሺ እመቤቴ፣ እንጀራዬን ነጠቅሽኝ እኮ» አላት። ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ! ይቺን ሳቅ ለመስማትማ ሌላውንም ጣቱን ብትመታው ግድ አልነበረውም።

በሰም መሳል ከጀመረች ገና አምስተኛ ሳምንቷ ነው። እህቷ ናት «ቤት ዘግተሽ ከምትብሰለሰዪ እጅሽን ሥራ አስይዢው» ብላ በግድ ያስመዘገበቻት። የንብ ሰም ከሙጫ ጋር ምድጃ ላይ ማቅለጥ፣ ቀለም ጣል ማድረግ፣ ሳይረጋ ቶሎ ብሎ እንጨት ላይ መቀባት፤ ከዚያ እያንዳንዱን ሽፋን በትኩስ አየር እያሞቁ ከታችኛው ጋር ማዋሃድ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አስተማሪዋ ወረቀትም በሰም መሐል ሊቀመጥ እንደሚችል፣ ሰም የጠጣ ወረቀት ዕድሜ ልክ እንደማይበላሽ ነገረቻቸው። ምን ዓይነት ወረቀት እንደሆነ ግን እሷ አልጠየቀችም። ብትጠይቅ «የምን ወረቀት ነው ያለሽ?» መባሉ አይቀርም፤ ለዚያ ደግሞ አንደበት አልነበራትም።

ወረቀቱ አሁን ጠረጴዛው ላይ ነው። በአምስተኛው ወር ሐኪም ቤት የተነሳ የአልትራሳውንድ ፎቶ። ልጅቷ በሰባተኛው ወር እዚያው ሆድ ውስጥ ሞተች፤ ከእሷ የቀረ ሌላ ነገር የለም። በስልክ ያነሱትም ስልኩ ውሃ ሲገባበት አብሮ ጠፋ። ይኸኛውም በዓመት ከሦስት ወር ውስጥ እየነጣ እየነጣ መጥቶ ባዶ ወረቀት ሊሆን ምንም አልቀረውም። «ዓይኔ እያየ ሁለተኛ ልትሄድብኝ ነው» ብላ ትናንት ስታለቅስ ዋለች።

ስለዚህ እሱ ሰሌዳ ቆርጦ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ሰጣት። አሮጌ በር ላይ የደረቀ ቀለም የሚያላቅቅበትን፣ ትኩስ አየር የሚነፋውን መሣሪያም ከዕቃ ሳጥኑ አወጣላት።

ፎቶውን ሰሌዳው ላይ አስተኛችው። ብሩሹን ሰሙ ውስጥ ነከረችና ከጥግ ጀመረች። ሰሙ ባለፈበት ሁሉ የነጣው ወረቀት ጠቆር ጠቆር ማለት ጀመረ።

«እየው! እየው!» ክንዱን ጨመደደችው። «እየደመቀች ነው! ተመለሰች እኮ!»

እውነቷን ነበር። ዙሪያው ጠቁሮ በመሐሉ ያለው ነጭ ነገር እንደ ድሮው ጎልቶ ወጣ። «እኔ ምን አልኩሽ! በይ እንግዲህ፣ ሳይረጋ በደንብ ይሙቅ» አለና መሣሪያውን ራሱ አስነሳው።

ትኩሱ አየር በወረቀቱ ላይ አለፈ። መጀመሪያ ጥጉ ጠቆረ፣ ከዚያ ነጩ ነገር ከዳር ከዳሩ እየጠበበ ሄደ። «አጥፋው! አጥፋው በፈጠረህ!» ስትል ሰምቶ አጠፋው፤ ግን ምን ዋጋ አለው፣ ሁሉም ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁር ሆኗል። ለካ የሐኪም ቤቱ ወረቀት ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ኖሯል፤ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ እንደተረሳ የሱቅ ደረሰኝ። ያንን ደግሞ ስንት ጊዜ አይቶታል፣ እሱው ራሱ፣ ስንት ጊዜ!

«እኔ ነኝ» አለ። «ይሙቅ ያልኩት እኔ ነኝ። ምነው እጄን በቆረጠው!»

ብትጮህበት ይሻለው ነበር። እሷ ግን ጥቁሩን አየችና ሰም መጫሪያውን መርፌ አንስታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«ሳንረሳት ሳላት» አለችው። «የእኔ እጅ እምቢ ብሏል። ጭንቅላቷ የት ጋ እንደነበር ታስታውስ የለ? ከዚያ ጀምር።»

መርፌውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

«ምን ሆንክ? ይረጋል እኮ።»

«አላውቅም።»

«ምኑን?»

«ጭንቅላቷን። እኔ… አይቻት አላውቅም።» የገዛ ድምፁ እንግዳ ሆነበት። «ያኔ ሐኪሙ በጣቱ ሲያሳየን፣ አንቺ እያለቀስሽ ስትስቂ፣ እኔም አየሁ አልኩ። ውሸቴን ነው። ለእኔ ነጭና ጥቁር ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ አንቺ ሳትኖሪ እያወጣሁ ስንት ጊዜ አገላብጬ አየሁት መሰለሽ። ልጄን አንድ ቀን እንኳ ለይቼ አላየኋትም። ያኔ ሐኪሙን አፈርኩት። ከሞተች በኋላ ደግሞ አንቺን በምን አፌ ልጠይቅሽ?»

ሚስቱ ዞር ብላ ትክ ብላ አየችው።

«እና ይሄን ሁሉ ጊዜ ማንን ስታለቅስ ኖርክ?»

«እሷኑ» አለ።

መርፌውን ከእጁ ወሰደችበት። በምትኩ አመልካች ጣቱን ያዘችና ገና ለስላሳው ሰም ላይ አኖረችው።

«ይኸውልህ» አለች፣ ጣቱን ቀስ አድርጋ እየሳበች። «ይሄ ግንባሯ ነው። ይሄ አፍንጫዋ፤ ያንተው ነው፣ ጎራዳ። ቀስ በል፣ አትጫን። ይሄ አገጯ። እዚህ ጋ ደግሞ እጇን ጨብጣ አፏ ላይ አድርጋዋለች።»

ጣቱ በሄደበት ሁሉ ሰሙ ላይ ቀጭን መስመር ይቀር ነበር። እሷ ወደ ልጅቷ ጀርባ ልትወስደው ሳብ ስታደርግ እሱ አልንቀሳቀስ አለ።

«ቆይ» አላት። «እጇ ጋ ትንሽ ልቆይ።»

ለቀቀችው። ጣቱን ከዚያ ሳያነሳ ሰሙ ቀዘቀዘ።