የወይዘሮ እልፍነሽ ፈትል

ወይዘሮ እልፍነሽ ባላቸው አቶ ሳህሉ ከሞቱ ወዲህ የማንንም እጅ አላዩም። አርባው ባለፈ በሳምንቱ የእድሩ ሰዎች አንድ ጆንያ ማሽላ አሸክመው ቢመጡ፣ ወይዘሮ እልፍነሽ በሩ ላይ ቆመው፣ «ሳህሉ ለማኝ አግብቶ አልኖረም» አሉ። ማሽላው እንደመጣ ተመለሰ።

ከዚያ እንዝርታቸውን ከተሰቀለበት አወረዱ። በወጣትነታቸው በእሳቸው ማግ ሸማኔ ሁሉ ይሻማ ነበር። ከገዥ ጋር ያገናኘቻቸው ልብስ አጣቢዋ በለጡ ናት።

«እትዬ፣ ጀጎል ውስጥ፣ መኪና ግርግር የሚሉት መንገድ ላይ፣ አይሻ የምትባል ነጋዴ አለች። የቤቷን ልብስ የማጥበው እኔ ነኝ። ፈታይ ትፈልጋለች» አለቻቸው።

ይህ በ1951 ዓመተ ምሕረት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ወይዘሮ እልፍነሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ልቃቂታቸውን በነጠላ ቋጥረው፣ ከሰፈራቸው ከአቦከር ተነሥተው፣ የግንቡን በር አልፈው፣ የልብስ ሰፊዎቹ መኪና ወደሚንጣጣበት ጠባብ መንገድ ይወርዳሉ። አይሻ ልቃቂቱን ተቀብላ ከኋላዋ ታስቀምጥና ብሩን ትሰጣቸዋለች።

«ማሻአላህ፣ እጅዎ ይባረክ።»

ዓይናቸው ደክሟል። የክሩን ቅጥነት የሚያውቁት በጣታቸው እየዳሰሱ ነው። ሰው ቢጠይቃቸው፣ «ዓይን ምን ያደርግልኛል? ጣቴ ያውቀዋል» ይላሉ።

አንድ ነገር ግን ይከነክናቸው ነበር። አይሻ ከጎረቤቷ ከልብስ ሰፊው ከቡሽራ ጋር በአንድ ጥቅል ክር ግማሽ ቀን የምትጨቃጨቅ ሴት ናት። የእሳቸውን ፈትል ግን ሚዛን ላይ እንኳ አውጥታው አታውቅም። ባለፈው መስከረም ዋጋ ጨምሪ ሲሏት አልተከራከረችም።

«እሺ እትዬ፣ እስቲ ልጠይቅ» አለች።

«ደግሞ ማንን ነው የምትጠይቂው? ሱቁ ያንቺ አይደለም?»

አይሻ ሳቅ ብላ ልቃቂቱን ከኋላዋ አስቀመጠች። በሳምንቱ ጨመረችላቸው።

ወይዘሮ እልፍነሽ እቤታቸው ገብተው አሰቡበት። ነጋዴ ሳይከራከር የሚሰጠው እጥፉን ሲያተርፍ ነው። ስንት እያተረፈች ይሆን?

ግንቦት ላይ አንድ ማለዳ ጨው ሊገዙ ወጥተው በአይሻ ሱቅ ደጅ ሲያልፉ፣ በለጡ ውስጥ ቆማ አገኟት። ከአይሻ ጋር አፍ ለአፍ ገጥመው ይንሾካሾካሉ። ብር ከእጅ ወደ እጅ አለፈ። በለጡ ዘወር ስትል አየቻቸውና ነጠላዋን ደረቷ ላይ ጥብቅ አደረገች።

«ልብስ... ልብስ ላጥብ መጥቼ ነው፣ እትዬ።»

«ሳሙናሽስ የት አለ?»

በለጡ በአጠገባቸው አልፋ ሹልክ አለች።

ለካ ድለላ ነው! ሦስት ዓመት ሙሉ እነዚህ ሁለቱ በእሳቸው ጣት ሲበሉ ኖረዋል። ሌላ ሰው ቢሆን እንዲህ ባላንገበገባቸው። የሳህሉ አስከሬን ሲወጣ ወገባቸውን ይዛ የደገፈቻቸው በለጡ ናት። ከሱቁ ደጅ ተመልሰው ያን ዕለት ምሳም አልበሉም።

በሰኔ መጀመሪያ እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። የበለጡ እጅ በሳሙናና በውሃ ብዛት ተላልጦ፣ ሐኪም ውሃ እንዳትነካ ከልክሏት ነበር። እስከ መስከረም የምትበላው እህል እድሩ እንዲሰጣት ጠየቀች።

«ምን ትላላችሁ?» አሉ የእድሩ ዳኛ አቶ አባይነህ።

ወይዘሮ እልፍነሽ ከሁሉ ቀድመው ተነሡ።

«እድራችን የቆመው ለቀብር ነው። ሰውን ቁጭ አድርጎ ሊቀልብ አይደለም! እኔ ባሌ ሞተብኝ። ልጅ የለኝ፣ ዓይኔም እንደምታዩት ነው። ማን ሰጠኝ? ፈትዬ በላሁ! እጅ ላለው ሁሉ ሥራ አይጠፋም። ከእንግዲህ ለቀብር ካልሆነ በቀር ከእድሩ ሳንቲም አይውጣ!»

ጎረቤታቸው እንደሻው ሊናገር አፉን ሲከፍት ሚስቱ ጎኑን ጎሸም አደረገችው።

በለጡ በጨርቅ የተጠቀለለ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተነሣች። «እትዬ፣ የኔስ ይቅር። እባክዎን ግን ይህን አያስወስኑ። ክረምቱ ከባድ ነው።»

«ክረምቱ ላንቺ ብቻ ነው እንዴ የሚገባው?»

አንድም ሰው አልሳቀም። አቶ አባይነህ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት።

«ወይዘሮ እልፍነሽ፣ ይህ ከተወሰነ ለበለጡ ብቻ አይሆንም። ለማንም ነው።»

«ለማንም! እናቴ ከመቃብር ተነሥታ ብትመጣም!»

«ያስቡበት እንጂ። ለሳምንት እናቆየው?»

«ሦስት ዓመት አስቤበታለሁ፣ አቶ አባይነህ። እጅ ይውጣና ይለቅ።»

እጆች አንድ በአንድ፣ ቀስ እያሉ ወጡ። በለጡ አላወጣችም። ወይዘሮ እልፍነሽ ያን ሌሊት ከባላቸው ሞት ወዲህ ያልተኙትን እንቅልፍ ተኙ።

ቅዳሜ ልቃቂታቸውን ይዘው አይሻ ሱቅ ደረሱ። የቀረቻቸው እሷ ናት።

«አንቺ አይሻ! ከእኔ ፈትል ለበለጡ ስንት ስንት ነው የምትቆርጪላት?»

«ለበለጡ?» አይሻ ግራ ገባት።

«አትደብቂኝ፣ ብር ስትቀባበሉ በዓይኔ አይቻለሁ! ከእንግዲህ ለሸማኔው ራሴ ወስጄ እሸጣለሁ። እስከዛሬ የበላችሁት ይበቃል።»

አይሻ የተዘረጋላትን ልቃቂት አልተቀበለችም። በርጩማዋን ስባ አቀረበችላቸው።

«ይቀመጡ፣ እትዬ።»

«አልቀመጥም!»

«ወላሂ፣ ከኔ አፍ እንዲሰሙት አልፈልግም ነበር። በለጡ ሰኞ መጥታ እያለቀሰች ነገረችኝ።»

«እሷን ደግሞ ምን አስለቀሳት? ምን አለችሽ?»

«የእርስዎን ፈትል የምገዛበትን ብር እድሩ ከእንግዲህ አይልክም አለችኝ።»