ኛሙዎች አልቀድም ያለችው ፎቶ

«ይቅደዱት እንጂ፣ እናቴ!»

የፕሮግራሙ አቅራቢ አቤኔዘር ማይኩን እንደያዘ ትልቁን ፎቶ ለኛሙዎች አቀበላት...

ጋምቤላ መሃል ከተማ ያለው የሆቴል አዳራሽ በጭብጨባ ቀለጠ።

ኛሙዎች ግን ፎቶውን ይዛ አተኩራ አየችው።

ልጇ ኛላም ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

እናቷን ለዚህ ፕሮግራም ያስመዘገበቻት እሷው ናት። ከአዲስ አበባ የመጣ የቲቪ ሾው ነው፤ ሰውን ከእግር እስከ ራሱ አሳምሮ «በፊት» እና «አሁን» እያለ የሚያሳይ።

ኛላም አውሮፕላን ማረፊያ ነው የምትሠራው። ዩኒፎርሟ የተተኮሰ፣ ሽቶዋ ከሩቅ የሚያውድ...

እናቷ ደግሞ ከኑዌር ዞን፣ ከማታር መጥታ፣ ባሮ ወንዝ ዳር ዓሣ እየሸጠች ያሳደገቻት ሴት ናት።

«እማ አንዴ እንኳን ይመርባት ብዬ ነው» ትላለች ኛላም ለጠየቃት ሁሉ።

እውነትም አማረባት! ፀጉሯን ሠሯት፣ ሰማያዊ ቀሚስ አለበሷት፣ ጥፍሯን ቀቧት። መስታወት ፊት ቆማ እንደ ልጅ ሳቀች።

አንድ ነገር ብቻ እምቢ አለች። በታችኛው ድዷ ላይ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሊያስገቡላት ሲሉ...

«ለምን? በልጅነቴ በባህላችን ነው የተነቀሉት። ጠፍተውብኝ አይደለም!»

ባለሙያዎቹ ሳቁ... ታለፈ።

አሁን የቀረው መዝጊያው ነው። «በፊት» የተባለውን ፎቶ ቀድዳ ትጥላለች፤ ከዚያ ሽልማቷን ትረከባለች... ትልቅ ዲፕ ፍሪጅ! በጋምቤላ ሙቀት ዓሣ ለምትሸጥ ሴት ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

የሚያሳዝን ሙዚቃ ተከፈተ።

«የድሮዋን ኛሙዎች ይሰናበቷት!» አለ አቤኔዘር።

ኛሙዎች ቀና ብላ አየችው።

«ልጄ፣ ቀሚሱን ወድጄዋለሁ። አላወልቀውም። ይቺን ሴትዮ ግን አልቀድዳትም።»

«እናቴ፣ ካልተቀደደ እኮ... ፍሪጁም...»

«ይቅር! እስኪ እየው። ትከሻዬ ላይ ያለው እጅ የማን ነው?»

አቤኔዘር ጎንበስ ብሎ አየ። እውነትም በፎቶው ጫፍ ላይ እጅ አለ... ከሰፊ ጥቁር እጅጌ የወጣ።

«የልጄ ነው። የተመረቀች ቀን ነው። ከዓሣ ገበያ በዚያው ልብሴ ሮጬ ደረስኩ። እንደዚያ ቀን አምሮብኝ አያውቅም!»



ፎቶውን የላከችው ኛላም ናት። ከመላኳ በፊት ራሷን ከእናቷ ጎን ቆርጣ ያወጣችውም እሷው ናት።

«በፊት» ከተባለችው ሴት ጋር መታየት አፍራ!

ከወንበሯ ተነስታ መድረክ ላይ ወጣች።

«እማ... እኔ ነኝ የቆረጥኩት...»

«አውቃለሁ» አለች እናቷ በኑዌርኛ፣ ለሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ሙሉው ስልክሽ ላይ አለ አይደል? አሳዪያቸው።»

ኛላም ስልኳን ከፍታ ስታሳየው አቤኔዘር ሙዚቃውን አስጠፋው።

ፕሮግራሙ ሲተላለፍ «በፊት» ተብሎ የታየው ሙሉው ፎቶ ነበር። ጋውን የለበሰች ልጅና ከገበያ የመጣች እናት... ሁለቱም ድዳቸው እስኪታይ ሲስቁ።

ፍሪጁም አልቀረባትም!

ወዳጆቼ... መዋብ ነውር አይደለም። ኛሙዎችም ሰማያዊውን ቀሚስ እሑድ እሑድ ትዘንጥበታለች። ግን አዲሱ መልካችን እንዲያምር ብለን የድሮውን ማዋረድ የለብንም። እዚህ ያደረሰን እሱ ነው።

እናንተስ... አፍራችሁበት ከጎናችሁ የቆረጣችሁት ሰው አለ? ዛሬ ሙሉውን ፎቶ ብትለጥፉት ማን ይታያል? ስሙን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ...