ሮም ድረስ የተሰማ የጸሎት ርዕስ

«ሆቴል? ሆቴል ነው ያልከኝ፣ ዱሬ?»

ድምፁ ሳሎኑን ሞላው። ዱሬሳ ስልኩን እንደሚናከስ ነገር ከፊቱ ራቅ አድርጎ ይዞታል። የአክስቱ ልጅ አዲስአለም ሮም ካለው ወጥ ቤቷ ሆና በቪዲዮ ትቆጣለች፤ ደግሞ መሃል ላይ ትስቃለች። ከሁለቱ የቱ እንደሚብስ ሐሴት መለየት አቃታት።

ሐሴት ያልተዘጋው ሻንጣ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታርገፈግፋለች። ነገ ከሲያትል ይበራሉ። መጀመሪያ አማልፊ፣ ሀብታም ሁሉ ጥቁር መነጽሩን ደቅኖ የሚንጋለልበት ባሕር ዳር። ከዚያ ሮም፤ ፍርስራሹን አይቶ፣ ጄላቶ በልቶ፣ ወደ ቤት። ፕላኑን ያወጣችው ራሷ ናት። እናቷ ውባንቺ አንድ ሕግ ብቻ ነው የጨመረችው፦ «ተመልሰን እስክንገባ ማንም እንዳይሰማ።»

ማንም አልሰማም ነበር። ባለፈው ሐሙስ ግን የቤት ኅብረት ላይ «የጸሎት ርዕስ ያለው?» ሲባል አባቷ እጁን አወጣ። «ጣልያን ልንሄድ ነውና ለመንገዳችን ጸልዩልን።» ጸለዩለት። በደንብ ነው የጸለዩለት! ከጸለዩት አንዷ ሮም እህት አለቻት፤ እህትየው ከአዲስአለም ጋር አንድ ኳየር ውስጥ ትዘምራለች። አሜኑ ከአፋቸው ሳይወጣ ወሬው ውቅያኖስ ተሻገረ።

«እኔ ለእግዚአብሔር ነው የነገርኩት» ነበር የዱሬሳ መልስ።

«ስፒከር ላይ አድርጎህ ነበራ!» ብላው ሐሴት ተቆንጥጣለች።

«ስማኝ» አለች አዲስአለም ከስልኩ ውስጥ። «ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ። በግ አሳርጃለሁ። እሑድ ቸርች ምስክርነት ትሰጣለህ ብዬ ተናግሬያለሁ። ባሕር ባሕር አትበሉኝ፤ ውሃ እንደሆነ የትም አለ። ሲያትል ውሃ የለም እንዴ?»

«አለ… አለ እንጂ።»

«በቃ! ሳምንቱን ሙሉ እኔ ጋ ናችሁ። አንቺ ሥጋቸው እያለሽ ሆቴል አደሩ ተብዬ በየት ልለፍ? እሺ በል።»

«እሺ» አለ ዱሬሳ። ይህ ሰው ለዘመድ እምቢ የሚል ምላስ አልተፈጠረለትም።

ሐሴት ወደ እናቷ ዞረች። አሁን ትፈነዳለች፣ አሁን ስልኩን ትቀማዋለች ብላ ጠበቀች። ውባንቺ ዕረፍት በወጣች ቁጥር አዲስ አበባ ነው የምትሄደው፤ ወይ ለቅሶ ልትደርስ፣ ወይ ሰርግ ልታበስል፣ ሻንጣዋን ሰው ያስያዛት ጫማና መድኃኒት ሞልቶት። ኤቨረት በምትሠራበት መጦሪያ ያሉትን ሽማግሌዎች ስታነሳና ስታስተኛ ከርማ፣ ዘንድሮ አንድ ነገር ብቻ ነበር የለመነችው፦ «ማንም ስሜን የማይጠራበት ቦታ ቁጭ ልበል።» ለዚሁ ብላ ሰፊ የገለባ ባርኔጣ ገዛች።

ውባንቺ ጎንበስ አለች። ባርኔጣውን ከሻንጣው አወጣችና ሶፋው ላይ አኖረችው። በቦታው የበርበሬ ከረጢት አስገባች።

ብትጮህ ይሻል ነበር። ሐሴት ተስፈንጥራ ተነሳችና ስልኩን ከአባቷ እጅ ላፍ አደረገችው።

«ሐሴት! ትልቅ ሰው እያወራ!»

«አንድ ጥያቄ ብቻ! አክስቴ፣ እርስዎ…»

«እርስዎ? ዱሬ፣ ልጅህ አስረጀችኝ እኮ!»

«ሶ፣ አማልፊ ቅርብ ነው አይደል በባቡር? ሄደው ያውቃሉ?» ወጥመድ ነበር። አዎ ካለች «ታዲያ ለእኛ ለምን ይከለከላል?»፣ አይ ካለች «ሳያዩት ታዲያ ምኑን ያጣጥሉታል?» ሊከተል ነው። ሁለቱም ምላሷ ጫፍ ላይ ተሰልፈዋል።

«እኔ? በየዓመቱ ነዋ» አለች አዲስአለም። «ነሐሴን እዚያው ነኝ። የምጠብቃት አሮጊት፣ ሲኞራዬ፣ ቤት አላት።»

«ዋው! ውሃው እንዴት ነው ታዲያ?»

«ከመስኮት አየዋለሁ። ሲኞራዬ ንፋስ አትወድም፣ ቶሎ ዝጊው ትለኛለች።» ሳቅ ብላ ነበር፤ ሳቋ መንገድ ላይ ቀረ። «እግሬን እንኳን ነክሬበት…» አለችና ተወችው።

ሐሴት ስልኩን ዝቅ አደረገችው። ዱሬሳ ሶፋው ላይ ቁጭ አለ። ከመስኮቱ በታች የኖርዝጌት ባቡር ጮኾ አለፈ።

ውባንቺ መጣችና ስልኩን ከልጇ እጅ ቀስ አድርጋ ወሰደችው።

«አዲስዬ።»

«ወዬ፣ ውብዬ።»

«ከነገ ወዲያ ናፖሊ ነው የምናርፈው። ፈቃድሽን ወስደሽ የለ? ባቡር ያዢና ኤርፖርት ጠብቂን። መጀመሪያ ባሕሩ ጋ እንሄዳለን። ከዚያ ያንቺ ቤት።»

«ኧረ በጉ ታርዷል!»

«ፍሪጅ የለሽም?»

«ውብዬ፣ ምን ነካሽ፣ እኔ እዚያ… እኔ ለዋና የሚሆን ልብስ እንኳን ያለኝ አይመስለኝም።»

«ፈልጊያ። አልዘጋም፣ እጠብቅሻለሁ።»

ሐሴት ሆቴሉን አሰበችው። የእሷ ክፍል በረንዳ አለው፣ አልጋው ግን አንድ ነው። ኳየር የምትዘምር ሴት ተኝታ ምን ዓይነት ድምፅ ታወጣ ይሆን? ልትጠይቅ አፏን ከፈተች፤ የእናቷን ፊት አየችና መልሳ ገጠመችው።

አዲስአለም ስልኩን የሆነ ነገር ላይ አስደግፋው ሄደች። ተንሸራተተና በጀርባው ወደቀ። ስክሪኑን ነጭ ኮርኒስ ሞላው። ሦስቱም ራሳቸውን ገጥመው፣ የሮምን አንድ ኮርኒስ ቁልቁል እያዩ ጠበቁ። ከሩቅ መሳቢያ ተከፈተ። ተዘጋ። ሌላ መሳቢያ ተከፈተ።