ከገዛ እጇ የወጣ ድምፅ

ማሽላው መሃል ባለው ማማ ላይ የተሰቀለው ጅራፍ ከተነካ ሦስት መኸር አልፎት ነበር። በልጅነቷ ከጦርነት መሃል ሮጣ የተረፈችው እማማ ትርንጎ፣ ድምፁን እንደ ተኩስ ሰምታ ጆሮዋን ይዛ መሬት ላይ ስለምትወድቅ፣ ጎረቤቶቿ ለእሷ ሲሉ ወፍ የሚያባርሩት ቆርቆሮ እየደበደቡ ነበር።

ያን ጠዋት ግሪሳው ከዋጃ በኩል መጥቶ ማሳው ላይ ሰፈረ፤ ቆርቆሮውን ከቁብ አልቆጠረውም። ጎረቤቷ ክብሮም ጅራፉን አየና ወዲያው ዓይኑን መለሰ።

«አውርደህ ስጠኝ» አለችው እማማ ትርንጎ።

«ይተዉት እማማ! እርስዎ ከሚወድቁ ወፍ ይብላው።»

«የሦስት ቤት ቀለብ ነው እኮ! እኔን የሚጥለኝ ሳላስበው ሲጮህ ነው፤ ከገዛ እጄ ሲወጣ ግን መቼ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ይልቅ አንተ ጆሮህን ያዝ!»

ራሷ ማማው ላይ ወጥታ ጅራፉን ከተሰቀለበት አወረደች። አዙራ ስታስጮኸው ተንበረከከች። ክብሮም ሊያወርዳት ወደ መሰላሉ ሮጠ፤ እሷ ግን የማማውን ቋሚ ይዛ ተነሳችና ጅራፉን እንደገና አዞረችው። ግሪሳው ማሳውን ለቆ እስኪሄድ አሥራ አራት ጊዜ አስጮኸችው፤ የተንበረከከችው በመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ብቻ ነበር።