አራት ገመድ ያለው ሸራ

ከተማው «በጀት ጠበበኝ» ብሎ ከጥበቃ ሥራው ሲቀንሰው (አለቆቹን አልጠበባቸውም) ሰውዬው አስፋልት ዳር ካልሲ መሸጥ ጀመረ። እንደ ማንኛውም የመንገድ ነጋዴ የሸራውን አራት ጫፍ በገመድ አስሮ ነው የሚሸጠው፤ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ አንዴ ስቦ፣ ሸክፎ ለመሮጥ። ባለፈው ወር ግን ገመዱ ተበጠሰና ደንብ አስከባሪው ንጋቱ ደረሰበት። ካልሲውን ወሰደበት፣ ሁለት የፊት ጥርሱንም በዱላ አረገፈለት።

ዛሬ በጠራራ ፀሐይ ንጋቱ ያንኑ የደንብ ልብስ ለብሶ፣ ማዳበሪያ ተሸክሞ ብቅ አለ።

«ደግሞ የማንን ዘርፎ ይሆን?» አለች ከካልሲ ሻጩ አጠገብ ሎሚ የምትሸጠው አስካለ። «ምን ይገትርሃል፣ ሩጥ እንጂ።»

«አልሮጥም። የቀሩትንም ጥርሶች ከፈለገ ይውሰዳቸው።»

ከሸራው ሥር የደበቀውን ፌሮ ይዞ ተነሣ።

«ወንድሜ፣ አንዴ ስማኝ» አለ ንጋቱ።

ሰውዬው በፌሮው ግንባሩን አለው። ሲወድቅ ያንን ዱላ የሚይዝበትን እጁን ደገመው። አጥንቱ ሲሰበር አስካለ ፊቷን አዞረች።

ለሦስተኛ ጊዜ ሊያነሣ ሲል ከንጋቱ ትከሻ ላይ የከተማው አርማ ተፈትቶ ክሩ ብቻ መቅረቱን አየ። የማዳበሪያው አፍ ተከፍቶ የሕፃናት ጫማ መሬት ላይ ተዘርግፏል። ከጫማዎቹ ጋር አንድ አዲስ ሸራ ወጥቷል፤ በአራቱም ጫፉ ገመድ ታስሮበታል።